በእንቅልፌ መካከል የጠፋችው ልጅ

እንቅልፍ አጥቼ ታመምኩ ብል የድሮ ጎረቤቶቼ ይስቁብኛል። "ተኪኤ እኮ ትራስ ሲያይ ነው የሚያንኮራፋው" ይሉኝ ነበር፤ እውነታቸውን ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ጋደም ካልኩ፣ ለሽንት ከመነሳቴ በቀር፣ እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት አልጋዬን አልለቅም። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ የሚተኛ ሰው እንቅልፍ አጣ ቢባል ማን ያምናል? እኔም አላመንኩም። ባለማመኔ ደግሞ የጎዳሁት ራሴን ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ለመጻፍ ባልተነሳሁ ነበር።

የተወለድኩት አሥመራ ነው፤ የተማርኩትም፣ የሠራሁትም፣ ያገባሁትም አዲስ አበባ። ጦርነቱ ሲመጣ እኔ ኤርትራዊ፣ ባለቤቴ ጽጌ ኢትዮጵያዊት ሆነን አደርን። ሁለታችንን አንድ ላይ የምትቀበል ከተማ ናይሮቢ ሆነችና የአሥር ዓመት ልጃችንን ሰሎሜን ይዘን መጣን። ኢስትሊ ውስጥ፣ ከሥሩ የጨርቅ ሱቆች በተደረደሩበት ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራየን። ጽጌ ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። እኔ አማርኛ፣ ትግርኛና እንግሊዝኛ ስለምችል ዌስትላንድስ ባለ፣ የስደተኞችን ጉዳይ በሚያይ ቢሮ አስተርጓሚ ሆንኩ።

ሥራው ቀላል ይመስላል። ጠያቂዋ በእንግሊዝኛ ትጠይቃለች፣ እኔ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ስደተኛው ይናገራል፣ እኔ ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ፣ እሷ ትተይባለች። የሰውየው ዕድል በኔ አፍ ያልፋል ማለት ነው። እሱ የቱንም ያህል ቢናገር፣ እኔ ካላልኩት አልተባለም።

ሕመሙ የትኛው ቀን እንደጀመረኝ አላውቅም። ሲጋራ ካቆምኩ በኋላ ሰውነቴ እየገዘፈ ሄደ፤ የሸሚዜ የላይኛው ቁልፍ አልገጥም አለ። ከዚያ የጠዋት ራስ ምታት መጣ፤ ግንባሬን በገመድ ጠፍረው ያሳደሩኝ ይመስለኛል። አፌ ደርቆ ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣብቆ እነሳለሁ። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት መነሳት ጀመርኩ፤ ዕድሜ ነው ብዬ ተውኩት። ማታቱ በሚሉት የናይሮቢ ሚኒባስ ላይ ወንበር ካገኘሁ ሞተሩ ሳይሞቅ እንቅልፍ ይወስደኛል። ስንት ጊዜ ኮንዳክተሩ ትከሻዬን እየነቀነቀ "ምዜ! ቱሜፊካ!" ብሎ ቀሰቀሰኝ፤ ሽማግሌው፣ ደርሰናል ማለቱ ነው። ዓይኔን ስገልጥ የምወርድበትን አልፌ ሌላ ሰፈር ነኝ።

ቁጣዬ አፍንጫዬ ላይ ሆነ። ጽጌ የልብስ መኪናዋን ስታንቀሳቅስ ድምፁ ጥርሴን ያመኛል። የልጄን ስም ልጠራ ብዬ የባለቤቴን እጠራለሁ፤ የባለቤቴን ልጠራ ብዬ የሟች እኅቴን። ቢሮ ውስጥ ከምሳ በኋላ ጠረጴዛ ሥር ጭኔን እቆነጥጣለሁ። ጭኔ ላይ የነበረውን ጥቁር ጥቁር ነገር ጽጌ አንድ ቀን አይታ "ምን ሆነህ ነው?" ብትለኝ ወንበር መታኝ አልኳት።

መጀመሪያ የሄድኩት እዚያው ሰፈራችን ካለ ትንሽ ክሊኒክ ነው። ደም ወሰዱና ታይፎይድና ወባ አሉኝ። ናይሮቢ ኖሮ ታይፎይድና ወባ አለብህ ያልተባለ ሰው ያለ አይመስለኝም። አምስት ቀን መርፌ ተወጋሁ። ቂጤ ቆሰለ፣ ራስ ምታቱ ግን በነበረበት አለ። ሁለተኛው ክሊኒክ ደም ግፊት አለብህ አለኝ፤ ይህኛው እውነት ነበር፣ ኪኒን ጀመርኩ። ግፊቱ የበሽታው ልጅ እንጂ እናቱ እንዳልሆነ ያወቅኩት በኋላ ነው። ስኳርም ተመረመርኩ፣ የለብህም ተባልኩ። አንድ ወዳጄ "አንተ ንቃት ነው የጎደለህ" ብሎ ጫት አስቃመኝ። በዚያ ቀን ልቤ እንደ ከበሮ ሲመታ ውሎ፣ በማግስቱ ቢሮ ውስጥ ብዕር በእጄ ይዤ ተኛሁ።

ሦስተኛው ሐኪም መሐል ከተማ የነበረ ወጣት ነው። ጨዋ ልጅ ነው፤ ጊዜ ሰጥቶ አዳመጠኝ። አገር መልቀቄን፣ ቀኑን ሙሉ የሰው መከራ ስተረጉም መዋሌን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። "ይሄ ድብርት ነው። እንቅልፍህም ጥልቅ አይደለም። በደንብ እንድታርፍ ይሄን ማታ ማታ ውሰድ" ብሎ የእንቅልፍ ኪኒን አዘዘልኝ። ማታ ማታ ጽጌ ምን እንደምታይ አልጠየቀም፤ እኔም አልነገርኩትም። ልጁን አልወቅሰውም። ግማሹን ለሐኪም የሚነግር ሰው የሚታከመውም ግማሹን ነው።

ኪኒኑን የዋጥኩ ሌሊት ፊቴ ላይ ውኃ ሲደፋብኝ ነቃሁ። ጽጌ አልጋው ላይ ተንበርክካ፣ ባዶ ብርጭቆ ይዛ፣ በሌላው እጇ ደረቴን እየደበደበች ነው።

"ምን ሆነሻል? አብደሻል እንዴ?" አልኳት።

"ሞተህ ነበር!" አለች። "ትንፋሽህ ቆሞ ነበር። ጠራሁህ፣ አልመለስክም። ነቀነቅኩህ፣ አልነቃህም።"

"ተኝቼ ነበር! ሰው እንዲተኛ አይደል እንዴ መድኃኒት የሚሰጡት?"

የረጠበውን ትራስ ገልብጣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እኔ ጀርባዬን ሰጥቻት ተኛሁ። ከዚያች ሌሊት በኋላ ኪኒኑን አላየሁትም፤ ጣለችው ወይስ ደበቀችው ብዬም አልጠየቅኩም። ቤታችን ውስጥ ግን ወሬ ጠፋ። ጽጌ ዓይኗ ሥር ጠቆረ፤ ስትሰፋ መርፌ ጣቷን ይወጋት ጀመር፤ የደንበኛ ቀሚስ አበላሽታ ከኪሷ ከፈለች። እኔን የጠላችኝ መሰለኝ።

የነገረችኝ ሰሎሜ ናት። ያኔ ኮሌጅ ገብታ ነበር። አንድ እሑድ ምሳ ላይ በጽጌ ላይ ድምፄን ከፍ ሳደርግ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"ዳዲ፣ ኢናፍ። ማሚ ሌሊት ሌሊት አትተኛም። ሃላሊ ካቢሳ፣ ጭራሽ አትተኛም! ቁጭ ብላ አንተን ስትጠብቅ ነው የምታድረው።"

"ምን እሆናለሁ ብላ ነው የምትጠብቀኝ?"

"ትንፋሽህ ይቆማል። እኔም ሰምቻለሁ። ታንኮራፋለህ፣ ከዚያ ጸጥ። እንቆጥራለን። ከዚያ እንደታነቀ ሰው ትጮሃለህ።"

ጽጌን አየኋት። ዓይኗን ከሳህኑ ላይ አላነሳችም።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"ነገርኩህ እኮ። ስድብ ነው ብለህ ተቆጣህ። ደጋግሜ እንዳልነግርህ ደግሞ፣ ቃሉ ከአፌ ከወጣ የሚደርስ መሰለኝ።"

ይህን ሰምቶ ሐኪም ቤት የማይሮጥ ምን ዓይነት ሰው ነው ትላላችሁ። እኔ ነኝ። "የማያንኮራፋ ወንድ የለም" ብዬ ጃኬቴን አንስቼ ወጣሁ። እውነቱን ልናገርና ፈርቼ ነበር። አባቴ ተኝቶ ነው የሞተው፤ እንደኔ አንገተ ወፍራም ነበር። ሰው የፈራውን ነገር በቁጣ የሚሸፍን ከሆነ፣ እኔ በእነዚያ ወራት ከናይሮቢ ሰው ሁሉ ቁጡ ነበርኩ።

ከዚያ ወይዘሮ ዘነበች መጣች።

አንድ ዓርብ አመሻሽ ላይ ከሥራ ስመለስ የሕንፃችን መግቢያ ላይ ቆማ አገኘኋት። ነጠላዋን አገጯ ድረስ ተከናንባለች። መልኳን አወቅኩት፣ ከየት እንደሆነ ግን አልመጣልኝም።

"ጋሽ ተኪኤ" አለችኝ፣ "ልጄን የት አደረሷት?"

"ምን አልሽ?"

"ልጄን። ትልቋን። ብሩክታዊትን።"

ያን ጊዜ ትዝ አለችኝ። ከስምንት ወር በፊት ከሰዓት በኋላ ያስተረጎምኩላት ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ሁለት ትንንሽ ወንዶች ልጆች ይዛ ነበር፤ አንደኛው ጠረጴዛው ሥር ገብቶ የጫማዬን ማሰሪያ ሲፈታ እንደነበር ሳይቀር አስታወስኩ። ሴት ልጅ ግን አላስታወስኩም።

ዘነበች ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነገረችኝ። በዚያ ሳምንት ለሁለተኛ ቃለ መጠይቅ ተጠርታ በሌላ አስተርጓሚ በኩል ፋይሏ ሲነበብላት፣ ልጆች ሁለት ይላል። ሦስት ናቸው፣ ትልቋ ሞያሌ አክስቷ ዘንድ ናት፣ ያኔም ተናግሬያለሁ አለች። ጠያቂው ግን የሌላ ሰው ልጅ በስሟ ልታስገባ የፈለገች መሰለው፤ እንዲህ የሚያደርጉ ስላሉ። ጉዳይዋ ሙሉ በሙሉ ቆመ።

"እኔ ያልሽውን ነው ያልኩት" አልኳት።

"እኔም ያልኩትን ነው ያልኩት" አለች። አልጮኸችም። "አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እመጣለሁ ብያት ነው የተለየኋት። እናቷ ከልጅ ቆጠራ እንዳወጣቻት ብትሰማ ምን ትል ይመስልዎታል?"

"መጨረሻ ላይ ሲነበብልሽ ልክ ነው ብለሽ ፈርመሻል እኮ" አልኩ፤ እንዴት እንደዚያ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

"ያነበቡልኝ እርስዎ ነዎት። 'ልጆቿ' ብለው አለፉ። ልጆቿ ሲሉ ሦስቱንም መሰለኝ።"

ያን ሌሊት እውነተኛ እንቅልፍ ማጣት ምን እንደሆነ አወቅኩ። ጽጌ ከጎኔ ነቅታ ነበር፤ እኔም ነቅቼ ነበር፤ ሁለታችንም ጣሪያ ስናይ አደርን። ሴትየዋ ትዋሻለች እያልኩ ለራሴ እነግረዋለሁ። ወዲያው ጭኔ ላይ ያለው የቁንጥጫ ምልክት ትዝ ይለኛል። ከሰዓት በኋላ ነበር። ከምሳ በኋላ ነበር።

አስተርጓሚ ሲሠራ ማስታወሻ ይይዛል፤ ቢሯችን ውስጥ ያ ወረቀት ፖስታ ውስጥ ታሽጎ ከፋይሉ ጋር ይቀመጣል። ሰኞ ጠዋት ኃላፊዬን ሚስስ ሙቱዋን የዘነበችን ቃለ መጠይቅ ማስታወሻዬን እንድታሳየኝ ጠየቅኳት። ጥያቄው የተለመደ ስላልሆነ ከመነጽሯ በላይ ለረጅም ጊዜ አየችኝ፤ ከዚያ ፖስታውን አምጥታ ቀደደችው።

ሦስተኛው ወረቀት ላይ ነበር። "2 ወንድ፣ እዚህ" ይላል በኔ እጅ። ቀጥሎ "ት" የሚል ፊደል ተጀምሯል። ከ"ት" በኋላ ፊደል የለም። አንድ የብዕር መስመር ብቻ፣ እየተወላገደ ወደ ታች ወርዶ የወረቀቱ ጠርዝ ላይ ያቆማል። ከሥሩ እንደገና ደህና ጽሑፍ ይጀምራል፤ ስለ ባሏ አሟሟት።

ትልቋ ብዬ ልጽፍ ነበር። "ት" ላይ ተኛሁ። ዓይኔ ተከፍቶ፣ ሰው ፊት ተቀምጬ፣ እናት ስለ ልጇ ስትናገር ተኛሁ። ስነቃ የጎደለኝ ነገር እንዳለ እንኳ አላወቅኩም፤ ካቆምኩበት የቀጠልኩ መስሎኝ ቀጠልኩ።

ሚስስ ሙቱዋ አማርኛ አታነብም። ወረቀቱን አጥፌ "ምንም የለም" ብላት ኖሮ ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። ይህን ማሰቤን አልደብቃችሁም። የሰሎሜን የኮሌጅ ክፍያ፣ የቤት ኪራዩን፣ በሃምሳ አራት ዓመቴ ሌላ ሥራ የሚሰጠኝ ይኖር እንደሆነ፣ ሁሉንም አሰብኩ። ወረቀቱን ገልጬ እንደያዝኩ ቆየሁ።

"ተኪኤ፣ ምን አገኘህ?"

"ተኝቼ ነበር" አልኳት። "ሴትየዋ ሦስት ልጆች ብላለች። እኔ ተኝቼ ነበር።"

መስመሩን አሳየኋት። ቋንቋ ማወቅ አያስፈልገውም።

"ይህን ጽፈህ ትፈርማለህ?"

"እፈርማለሁ።"

"ከፈረምክ በኋላ እዚህ ክፍል ውስጥ ልትቀመጥ አትችልም። ይገባሃል?"

ፈረምኩ። በዚያው ቀን መታወቂያዬን መልሼ ወጣሁ። ከዌስትላንድስ እስከ ከተማ በእግሬ ሄድኩ፤ ማታቱ ላይ መቀመጥ ፈራሁ፣ እንዳልተኛ።

ቤት ገብቼ ለጽጌ ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። የልብስ መኪናዋን ዘጋች፣ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች፣ "አሁንስ ትሄዳለህ?" ብቻ አለችኝ። ሐኪም ዘንድ ማለቷ ነው። "እሄዳለሁ፤ አንቺም ትመጫለሽ፤ የምትነግሪው አንቺ ነሽ" አልኳት።

ሰሎሜ የጓደኛዋን እናት ጠይቃ አንድ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም አገኘችልን፤ ሽማግሌ፣ ናይሮቢ ተወልዶ ያረጀ ህንዳዊ። የመጠበቂያ ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ከአሥር የማያንሱ በሽተኞች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ተራችን እስኪደርስ ሁለት ሰዓት ጠበቅን። እኔ የጠበቅኩት ግን አሥር ደቂቃ ያህል ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።

ስነቃ ክፍሉ ጸጥ ብሏል። ሕፃን ሳይቀር እኔን ያያል። ነጭ ጋውን የለበሰ አጭር ሽማግሌ የእጅ ሰዓቱን ይዞ ከፊቴ ቆሟል።

"በሩ ተዘግቶ ሰማሁህ" አለኝ። ከዚያ ወደ ጽጌ ዞረ። "እመቤት፣ ይህን ስንት ዓመት ሰማሽ?"

ተረጎምኩላት። ጽጌ መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት እንባዋ ቀደማት። በሰው ፊት የማታለቅስ ሴት ናት። ሐኪሙ እጇን ይዞ ከኔ በፊት እሷን አስገባት።

አንገቴን በሜትር ለካ፣ አፌን አስከፍቶ ጉሮሮዬን አየ። ከዚያ እንደ ልብስ መቆንጠጫ ጣት ላይ የሚደረግ ትንሽ መሣሪያ ሰጠንና ቤት አድርጌው እንዳድር አዘዘኝ። በማግስቱ መሣሪያው የመዘገበውን በወረቀት አውጥቶ አሳየን። በደሜ ውስጥ ያለውን አየር የሚያሳይ መስመር ነው፤ የመጋዝ ጥርስ ይመስላል፤ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ሌሊቱን ሙሉ።

"ስሊፕ አፕኒያ ይባላል" አለ። "እንቅልፍ ሲወስድህ የጉሮሮህ ሥጋ ይላላና የአየሩን መንገድ ይዘጋል። አንጎልህ ደንግጦ ይቀሰቅስሃል። ትተነፍሳለህ፣ ወዲያው ትተኛለህ፣ እንደገና ይዘጋል። መንቃትህን አንተ አታውቀውም። ዘጠኝ ሰዓት ተኛሁ አልከኝ፤ ዘጠኝ ሰዓት ስትታገል ነው ያደርከው። ራስ ምታቱም፣ ግፊቱም፣ ሽንቱም፣ ቁጣውም ከዚሁ ነው። የእንቅልፍ ኪኒን ደግሞ ሥጋውን ይበልጥ ያላላዋል። ሚስትህ ውኃ ባትደፋብህ ምን ሊሆን እንደሚችል አልነግርህም።"

"ቀን፣ ዓይኔ ተከፍቶ ልተኛ እችላለሁ?" ብዬ ጠየቅኩት።

"ለጥቂት ሴኮንድ። አንጎል ዕዳውን በፈለገበት ሰዓት ይወስዳል።"

የብሩክታዊትን ነገር ነገርኩት። "ሹፌር ብትሆን ኖሮ" አለኝ፣ "ይህን የሚነግረኝ አንተ ሳትሆን ሌላ ሰው ነበር።"

ሕክምናው ጭንብል ነው። አንድ ትንሽ ማሽን አየር እየነፋ በቱቦ ወደ አፍንጫ ይልካል፤ አየሩ ጉሮሮውን ከፍቶ ይይዘዋል። አዲሱን መግዛት ያኔ ሥራ ላጣ ሰው የሚታሰብ አልነበረም። ሐኪሙ ቁም ሳጥኑን ከፍቶ አገሩ የገባ አንድ በሽተኛ የተወለትን አሮጌ ማሽን አወጣ። "እስክትሠራ በዚህ ተጠቀም፤ መልሰህ ለሌላ እሰጠዋለሁ" አለኝ። ጭንብሉ ለፊቴ ሰፊ ስለነበር ጽጌ በላስቲክ አጠበበችው። መብራት በጠፋበት ሌሊት ማሽኑ ስለሚቆም ሐኪሙ ሌላ ዘዴ ነገራት፤ የቴኒስ ኳስ በቢጃማዬ ጀርባ ላይ ሰፋችበት፣ በጀርባዬ ስገለበጥ ኳሱ ይወጋኝና ወደ ጎኔ እዞራለሁ። ሰሎሜ ከኋላዬ አይታኝ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኛ ቤት ሳቅ ከተሰማ ቆይቶ ነበር።

ወዲያው አልዳንኩም። የመጀመሪያዎቹን አራት ሌሊቶች ጭንብሉን እየነቀልኩ ጣልኩት፤ በሕይወቴ ሳለሁ የገነዙኝ መሰለኝ። አምስተኛው ሌሊት አለፈ። ጠዋት ስነቃ ራሴን አላመመኝም። ከዚህም በላይ የገረመኝ ሕልም ማየቴ ነው፤ የማይረባ ሕልም፣ አሥመራ ውስጥ ብስክሌት እየነዳሁ ዳቦ ስገዛ። ሕልም ካየሁ ዓመታት እንዳለፉ ያወቅኩት ያን ጠዋት ነው። ከዚያ ክብደት ለመቀነስ በየቀኑ እስከ ፓንጋኒ ሰፈር በእግሬ መሄድ ጀመርኩ፤ ማታ ከባድ ምግብ ተውኩ። ግፊቴም ወረደ። ጽጌ ግን እኔ ከተሻለኝ በኋላም ለብዙ ሳምንት በየሌሊቱ ትነቃ ነበር። ሰውነቷ ጥበቃውን ለምዶት አልተው አለ። አንድ ሰው ታሞ ሁለት ሰው እንደሚታመም ማንም ሐኪም አልነገረኝም።

ሦስት ወር ካለፈ በኋላ ሚስስ ሙቱዋ ደወለችልኝ። ሌሎቹንም ማስታወሻዎቼን ማየት አለብን አለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያለ ደመወዝ እየሄድኩ ከሷ ጋር ፖስታ ስንከፍት ዋልን። በሕይወቴ እንደዚያ የፈራሁበት ጊዜ የለም። እያንዳንዱን ወረቀት ስገልጥ የምፈልገው ያችን ወደ ታች የምትንሸራተት መስመር ነው፤ የምለምነውም እንዳላገኛት። አራት ቦታ አገኘኋት። ሦስቱን ሰዎች ጠርተው እንደገና ጠየቋቸው፤ የሁለቱ የጎደለው ነገር ብዙም አልነበረም፣ የአንዱ ተስተካከለ። አራተኛው ሰው ጉዳዩ ውድቅ ሆኖ ከናይሮቢ ሄዷል። ስልኩ አይሠራም። መስመሯ የመጣችው ስለ ታሰረበት ጊዜ ሲናገር ነው። ቅር ከሚለኝ ሁሉ እሱ ይበልጣል። ምን እንዳለ አላውቅም፤ የሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፣ እኔ ደግሞ አልሰማሁም።

የዘነበች ፋይል ተስተካክሎ ብሩክታዊት ከሞያሌ መጣች። እኔ ከፈረምኩ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። የኢስትሊ ገበያ መሐል ዘነበች ከሩቅ አየችኝና በሰው መካከል እየተጋፋች መጣች። ከኋላዋ ቀጭን፣ ረጅም ልጅ እጇን ይዛለች።

"ይቺ ናት" አለችኝ። "ይዩዋት።"

ይቅርታ አድርጌልሃለሁ አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ልጅቷ እጇን ዘርግታ ጨበጠችኝ። ማን እንደሆንኩ አልተነገራትም መሰለኝ፤ እንደ ማንኛውም ሽማግሌ ጎንበስ ብላ ነው የጨበጠችኝ። ሁለቱ ወንዶች ምን ያህል እንዳደጉ ጠየቅኩ። ከዚያ ተለያየን።

አሁን ሰነድ እተረጉማለሁ፤ ወረቀት ሲያመልጠኝ ተመልሼ አነበዋለሁ፣ የሰው ንግግር ግን አይመለስም። ወደ ቃለ መጠይቅ ክፍል ልመለስ ብዬ አልጠየቅኩም።

ይህን የምታነቡ፣ ጠዋት ጠዋት ራሳችሁን የሚያማችሁ፣ ወንበር ባገኛችሁበት የምታንቀላፉ፣ ያለ ምክንያት የምትቆጡ ሰዎች ካላችሁ፣ ስለ እንቅልፋችሁ ራሳችሁን አትጠይቁ። እናንተ አታውቁትም። አጠገባችሁ የሚተኛውን ጠይቁ። ሹፌሮች፣ ነርሶች፣ የሰው ነገር በእጃችሁ ያለ፣ ዛሬውኑ ጠይቁ። የሚነግራችሁንም ስትሰሙ አትቆጡ፤ ጃኬታችሁን አንሱ፣ እሱን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፣ ሐኪሙ ፊትም እሱ ይናገር።